የጦጣ ልጅ ወይስ የድመት ልጅ? ሂንዱዎች ስለ ጥረትና ስለ ጸጋ ለምን ይከራከራሉ

በደቡብ ሕንድ፣ ታሚል ናዱ በምትባለው ግዛት፣ ቪሽኑ ወደሚባለው አምላክ ቤተ መቅደስ የሚገቡ ወንዶችን ግንባር ልብ ብላችሁ ብታዩ ሁለት ዓይነት ምልክት ታገኛላችሁ። ሁለቱም በነጭ አፈር የሚሳሉ ናቸው፤ መሐላቸው ላይ ቀይ ወይም ቢጫ መስመር ይሰመራል። አንደኛው የእኛን «ሀ» ቁርጥ ነው። ሁለተኛውም «ሀ» ይመስላል፤ ግን ከሥሩ አፍንጫ ላይ የምትወርድ አጭር እግር አለችው።

ለማያውቀው ሰው ጭረት ናት። ለባለቤቶቹ ግን የወገን መለያ ናት። ባለ «ሀ»ዎቹ ቫዳካላይ፣ ማለትም ሰሜኖቹ ይባላሉ። ባለ እግሮቹ ቴንካላይ፣ ደቡቦቹ ናቸው። የሚያመልኩት አንድ አምላክ ነው። ራማኑጃ የሚባለውን መምህርም ሁለቱም እንደ አባት ያዩታል። ሆኖም ካንቺፑራም ከተማ ባለው የቫራዳራጃ ቤተ መቅደስ፣ ከመዝሙሩ በፊት የየትኛው ወገን የመምህራን ምስጋና ይባል በሚል ከእንግሊዞች ዘመን ጀምሮ ፍርድ ቤት ሲመላለሱ ኖረዋል። በእርግጥ ነገሩ ውስጥ የክብርና የሥልጣን ጉዳይም አለበት፤ ሰው ሰው ነው። ከሁሉ ሥር ግን አንድ ከባድ ጥያቄ አለ። ሰው ነፃ ሲወጣ የእሱ ድርሻ ምንድን ነው?

ጥያቄው ለእኛ ሩቅ አይደለም። ኦርቶዶክሱና ጴንጤው ቡና ላይ ተቀምጠው አንዱ «እምነት ያለ ሥራ የሞተ ነው» ሲል፣ ሌላው «ጸጋው በእምነት አድኖአችኋልና» ብሎ ሲመልስ ስንት ጊዜ ሰምተናል። ሙስሊሙም «ግመልህን እሰር፣ ከዚያ በአላህ ተመካ» የሚለውን ያውቃል። ሂንዱዎቹ ዘንድ ግን ጥያቄው በሌላ በኩል ነው የሚመጣው። ምክንያቱም መውጣት የሚፈልጉበት ነገር ራሱ የተለየ ነው።

በእነሱ አስተሳሰብ ሥጋ ይሞታል፤ ነፍስ ሌላ ሥጋ ለብሳ ትመለሳለች። እንደገና ትወለዳለች፣ እንደገና ታረጃለች፣ እንደገና ትለያለች። ይህ ማቆሚያ የሌለው ዙር ሳምሳራ ይባላል። ዙሩን የሚያሽከረክረው ካርማ ነው፤ ማለትም ሰው የሠራው ሥራና ያ ሥራ የሚያስከትለው ውጤት። ከዚህ ዙር መውጣት ደግሞ ሞክሻ ይባላል።

ካርማ የሚለው ቃል አሁን አሁን የእኛም ልጆች አፍ ላይ ገብቷል። አንዱ ክፉ ሠርቶ የእጁን ሲያገኝ «ካርማ ነው!» ይባላል። ስህተት አይደለም፤ ግን ግማሹ ነው። መልካም ሥራም ካርማ ነው። መልካም የሠራ ሰው በመልካም ቤት ይወለዳል፤ ሰማይ ቤትም ሊገባ ይችላል። ያ ሰማይ ግን ዘላለማዊ አይደለም። የሠራው ጽድቅ ሲያልቅ ወደ ምድር ይመለሳል። ስለዚህ ችግሩ ክፋት ብቻ አይደለም፤ ደግነትም ያስራል። እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጠመዘዘው። ሥራ የሚያስር ከሆነ፣ ሌላ ሥራ ጨምሮ መፈታት እንዴት ይቻላል?

አንድ ሌላ ነገርም ከወዲሁ ይጥራ። ካርማ ማለት «ዕድሌ ነው፣ ምን አደርጋለሁ» ማለት አይደለም። ብዙ ሰው እንዲህ ይመስለዋል። ዮጋ ቫሲሽታ የሚባለው ትልቅ መጽሐፍ ይህን ሐሳብ በግልጽ ይነቅፋል። መጽሐፉ ውስጥ ጠቢቡ ቫሲሽታ ወጣቱን ልዑል ራማን ያስተምራል። ራማ ተስፋ ቆርጧል፤ ምንም ነገር አይጥመውም። ቫሲሽታ የሚነግረው በአጭሩ ይህ ነው፦ ዕድል ብለህ የምትጠራው ነገር ትናንት የደከምክበት ድካም ነው። የትናንቱ ድካም የዛሬውን ቀን ካበላሸ፣ የዛሬው ብርቱ ድካም ደግሞ የትናንቱን ይሽራል። ከዚህ በላይ ጥረትን ያከበረ ትምህርት ማግኘት ያስቸግራል።

ባጋቫድ ጊታ ላይ ስንመጣ ግን የጥረትም የጸጋም ድምፅ አንድ አፍ ውስጥ ይገኛል። ጊታ 18 ምዕራፍና 700 ስንኝ ያለው፣ ማሃባራታ በሚባለው ግዙፍ የጦርነት ታሪክ ውስጥ የተካተተ ንግግር ነው። ቀስተኛው አርጁና በሁለት ሠራዊት መሐል ቆሟል። ከወዲያ ማዶ ያሉት አያቱ፣ መምህሩ፣ የአጎቱ ልጆች ናቸው። እጁ ተንቀጠቀጠ፤ ቀስቱን ጣለና ሠረገላው ውስጥ ቁጭ አለ። ሠረገላውን የሚነዳለት ክሪሽና ነው፤ በሰው መልክ የመጣው ቪሽኑ። ንግግሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ክሪሽና መጀመሪያ «ሥራህ የአንተ ነው፤ ፍሬው ግን የአንተ አይደለም» ይለዋል። ይህ ለዚያ ለከባዱ ቋጠሮ የተሰጠ መልስ ነው። የሚያስረው ሥራው ሳይሆን ለፍሬው ያለህ ስስት ነው፤ ስስቱን ጣልና ሥራህን ሥራ እንደ ማለት። ስድስተኛው ምዕራፍ ላይ ሰው ራሱን በራሱ ያንሣ፣ የራሱ ወዳጅም የራሱ ጠላትም እሱ ነው ይላል። ከዚያ ስለ ዕውቀት መንገድ፣ ስለ ፍቅርና አምልኮ መንገድ ያስተምራል። ቅጠል፣ አበባ፣ ፍሬ ወይም ውኃ በፍቅር ያቀረበልኝን እቀበለዋለሁ ይላል። መጨረሻው ምዕራፍ ላይ፣ 66ኛው ስንኝ ሲደርስ ደግሞ ሁሉን ገልብጦ «ሥርዓቱን ሁሉ ትተህ እኔን ብቻ ተጠጋ። ከኃጢአት ሁሉ ነፃ አወጣሃለሁ፤ አትዘን» ይለዋል።

ታዲያ የትኛውን ይያዝ? አርጁና ራሱ መሐል ላይ ቅር ብሎት ነበር። ንግግርህ የተደባለቀ መሰለኝ፣ አንዱን ለይተህ ንገረኝ ብሎታል። እኔም ብሆን እለው ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጡ ሊቃውንት በሙሉ ጊታን ሲያብራሩ የሚሠሩት ሥራ፣ በአንድ በኩል ሲታይ፣ ለአርጁና አንዱን መለየት ነው።

ሻንካራ የለየው ዕውቀትን ነው። ሻንካራ ኬራላ ውስጥ ካላዲ በምትባል መንደር እንደ ተወለደ የሚነገርለት፣ ብዙዎች ወደ 8ኛው ክፍለ ዘመን የሚያደርሱት ፈላስፋ ነው። ክርክሩ እንደ ቢላ ስል ነው። በጊዜ ውስጥ የተሠራ ነገር ሁሉ በጊዜ ውስጥ ያልቃል። ነፃነት በጥረት የሚመረት ከሆነ እሱም አንድ ቀን ያልቃል ማለት ነው። ስለዚህ ነፃነት አይመረትም። ቀድሞም ነበረ። የሰው ውስጠኛ ማንነትና የሁሉ መሠረት የሆነው ብራህማን አንድ ናቸው፤ ይህን ያላየነው ባለማወቅ ነው። ባለማወቅ የመጣን ነገር ደግሞ ጸሎት መደጋገምም፣ መሥዋዕት ማቅረብም አያስወግደውም፤ ማወቅ ብቻ ነው የሚያስወግደው። ያወቀ ሰው ሞቱን መጠበቅ የለበትም፤ በሕይወቱ ሳለ ነፃ ነው።

ጥረትስ? ሻንካራ አልጣለውም። ጥረት አእምሮን ያጠራል፣ ለዕውቀት ያዘጋጃል፣ ከዚያ ሥራው ያበቃል። ተማሪው ይዞ ሊመጣ ከሚገባው ነገር መካከል እምነትም አለ። ይህ እምነት «እንዲህ ነው ብዬ ተቀብያለሁ» ብሎ መቀመጥ አይደለም። እስክታየው ድረስ በመምህሩና በቅዱሳት መጻሕፍቱ ላይ የምትጥለው አመኔታ ነው። ሳይተማመን የጀመረ መሐል መንገድ ላይ ይቀራል።

እምነት በዚህ ስሜት ምን እንደሚመስል ከሁሉ የተሻለ የሚያሳየው የናቺኬታ ታሪክ ይመስለኛል። ካታ ኡፓኒሻድ በሚባለው ቅዱስ መጽሐፍ ውስጥ ነው ያለው። የናቺኬታ አባት ለካህናት ስጦታ እየሰጠ ነው። የሚሰጠው ግን ወተታቸው የነጠፈ፣ ያረጁ ላሞችን ነው። መጽሐፉ እምነት በልጁ ውስጥ ገባ ይላል፤ ይህን ጊዜ ልጁ ዝም ማለት አልቻለም። «አባባ፣ እኔን ለማን ትሰጠኛለህ?» አለ። አባት ዝም አለ። ልጁ ሁለቴ፣ ሦስቴ ደገመው። አባት ተናደደና «ለሞት ሰጥቼሃለሁ!» አለው።

ናቺኬታ ቃሉን ይዞ ሄደ። ሞት ቤቱ አልነበረም። ልጁ ሦስት ሌሊት እህል ሳይቀምስ በሩ ላይ ጠበቀው። ሞት ሲመለስ እንግዳ በደጁ ጦሙን ማደሩ አሳፈረውና ሦስት ነገር ለምነኝ አለው። ሦስተኛው ጥያቄ «ሰው ከሞተ በኋላ አለ ወይስ የለም?» የሚል ነበር። ሞት ከዚህ ጥያቄ ሊሸሽ ያልሞከረው ነገር የለም። ከብት ውሰድ፣ ዝሆን ውሰድ፣ ወርቅ፣ ረጅም ዕድሜ፣ ቆነጃጅት ውሰድ አለው። ልጁ ግን «እነዚህ ለነገ አይበቁም፤ ለራስህ አስቀራቸው» ብሎ እምቢ አለ። ትምህርቱ የተሰጠው ከዚህ እምቢታ በኋላ ነው።

ግሩም የሆነው ነገር ያ መጽሐፍ ራሱ ጥቂት ወረድ ብሎ፣ ይህ እውነት በብዙ ንባብም በብልህነትም አይገኝም፣ የሚያገኘው እሱ ራሱ የመረጠው ሰው ነው ማለቱ ነው። ሦስት ሌሊት የጾመውን ልጅ ድካም አሳይቶን ሲያበቃ፣ ድካም አይበቃም ይለናል። ስንኟን ሻንካራ ለዕውቀት መንገድ በሚስማማ መልክ ተረጎማት። ራማኑጃ ደግሞ የአምላክን ምርጫና ፍቅር አየባት።

እንግዲህ ወደ ራማኑጃ እንምጣ። እሱ ላይ ረዘም አድርጌ መቆየት እፈልጋለሁ። ምክንያቱም ይህ ክርክር በሌላ ዓይን መታየት የሚጀምረው ከእሱ ታሪክ ነው።

የዕውቀቱ መንገድ ባለ በረኛ ነው። ቬዳ የሚባሉትን ቅዱሳት መጻሕፍት መማር የሚፈቀደው ለሦስቱ የላይኛ መደብ ወንዶች ነበር። ሹድራ የሚባለው አራተኛው መደብ አልተፈቀደለትም። ከዚያም በታች የተደረገው ሕዝብ ጭራሽ አይታሰብም። ሻንካራ ራሱ፣ ሁሉ አንድ ነው ብሎ ያስተማረው ሰው፣ ብራህማ ሱትራ ለሚባለው መጽሐፍ በጻፈው ማብራሪያ ላይ ሹድራ ቬዳን የመማር መብት የለውም ብሎ ጽፏል። ስለዚህ «በጥረትህ ድረስ» ሲባል የሚቀጥለው ጥያቄ መምጣት አለበት። እንዲጥር የተፈቀደለት ማን ነው?

በታሚል አገር ከዚህ በፊት አልቫር የሚባሉ 12 ባለቅኔ ቅዱሳን ተነሥተው ነበር። የሚዘምሩት በሳንስክሪት ሳይሆን ሕዝቡ በሚናገረው ታሚል ነው። ከእነሱ አንዱ ቲሩፓን ይባላል፤ እንደ ርኩስ ከሚቆጠር የአዝማሪ ወገን የተወለደ ነው። ስሪራንጋም ወዳለው ታላቅ ቤተ መቅደስ መግባት ስለማይፈቀድለት ከካቬሪ ወንዝ ዳር ቆሞ ነበር የሚዘምረው። ትውፊቱ እንደሚለው አንድ ቀን ውኃ ሊቀዳ የመጣ ካህን ዞር በልልኝ ብሎ ጮኸበት። ቲሩፓን በዝማሬ ተመስጦ አልሰማም። ካህኑ ድንጋይ ወረወረ፤ ግንባሩን አደማው። ካህኑ ወደ መቅደሱ ሲመለስ የጣዖቱ ግንባር ሲደማ አገኘው። ሌሊት በሕልሙ «ያንን ሰው በትከሻህ ተሸክመህ አምጣው» የሚል ትእዛዝ ደረሰው። ተሸክሞም አስገባው።

ራማኑጃ የዚህ ወግ ወራሽ ነው። ትውፊቱ ከ1017 እስከ 1137 እ.ኤ.አ. ኖረ ይለዋል፤ 120 ዓመት መሆኑ ነው። ምሥጢራዊ የሆነውን ጸሎትና ትርጉሙን ለመማር ወደ አንድ መምህር 18 ጊዜ ተመላለሰ ይባላል። በመጨረሻ መምህሩ ነገረውና ለማንም እንዳይናገር አስማለው፤ ከተናገርክ ሲኦል ትወርዳለህ አለው። ራማኑጃ በቀጥታ ሄዶ የቤተ መቅደሱ ግንብ ላይ ወጣና ሕዝቡን ጠርቶ ጮኾ አስተማረው። ሲጠየቅ «እኔ አንድ ሰው ሲኦል ወርጄ ይህ ሁሉ ሕዝብ ቢድን ምን አለበት» አለ። መምህሩም አቀፈው። እ.ኤ.አ. በ2022 ሃይደራባድ አጠገብ የተመረቀው፣ ቁመቱ ወደ 66 ሜትር የሚጠጋው የራማኑጃ ሐውልት «የእኩልነት ሐውልት» የተባለው እንዲህ ባለው ታሪኩ ነው።

ትምህርቱስ? ለራማኑጃ ነፍስ ከአምላክ ጋር አንድ ሆና አትጠፋም፤ ለዘላለም እሱን እያገለገለች ትኖራለች። ነፃ የምትወጣውም በፍቅርና በአምልኮ ነው። ነገር ግን አምልኮው ራሱ ረጅም፣ ዲሲፕሊን የሚጠይቅ መንገድ ነው። ለማይችለው ሰው ሌላ በር አለ፤ ፕራፓቲ ይባላል። ራስን ሙሉ በሙሉ ለአምላክ ማስረከብ ነው። አምላክ የሚወደውን ለማድረግ መቁረጥ፣ እሱ የሚጠላውን መተው፣ እንደሚጠብቅህ ያለ ጥርጥር ማመን፣ ጠባቂዬ አንተ ነህ ብሎ መምረጥ፣ አቅም እንደሌለህ ማወቅ፣ ከዚያ ራስን መስጠት።

ከራማኑጃ በኋላ የመጡት ተከታዮቹ ልዩነታቸው የከረረው እዚህ ላይ ነው። አምላክ ያድናል በሚለው ሁሉም ይስማማሉ። ግን ማስረከብስ ቢሆን ሥራ አይደለም ወይ? «ራሴን ስለሰጠሁ ዳንኩ» ያለ ሰው ጸጋውን በሌላ ስም ደመወዝ አላደረገውም?

ሁለቱን ወገኖች ሁሉም ሰው የሚለያቸው በጦጣና በድመት ነው። የጦጣ ልጅ እናቱ ከዛፍ ዛፍ ስትዘል ሆዷ ላይ ሙጭጭ ይላል። የምትሸከመው እሷ ናት፤ ካልያዛት ግን ይወድቃል። ሰሜኖቹ እንዲህ ናቸው ይባላል። የድመት ልጅ ምንም አይዝም። እናቱ ማጅራቱን ነክሳ ታነሣዋለች፤ እሱ ዝርግፍ ብሎ ይሄዳል። ደቡቦቹ እንዲህ ናቸው።

ለደቡቦቹ ዋናው ተናጋሪ ፒላይ ሎካቻርያ ነው። እሱ እንደሚለው ማስረከብ እንኳ የመዳን ምክንያት ተብሎ ሊቆጠር አይገባም። ምክንያቱ አምላክ ብቻ ነው። የሰው ድርሻ አለመከልከል ነው። ለሰሜኖቹ ደግሞ ትልቁ ስም ቬዳንታ ዴሲካ ነው፤ ባለቅኔም ፈላስፋም ነበር። የእሱ ጥያቄ ቀላል አይደለም፦ ከሰው በኩል ምንም የማይጠበቅ ከሆነ አምላክ ለምን አንዱን ዛሬ ነፃ አውጥቶ ሌላውን ይተወዋል? ወይ ሁሉንም አሁኑኑ ማውጣት አለበት፣ ወይ ያዳላል። ስለዚህ ከሰው በኩል ትንሽ ሰበብ መኖር አለባት። ያቺ ሰበብ ድኅነትን አትገዛም። ግን ቸርነቱ የሚገባባት ቀዳዳ ናት።

ሁለቱም ወገን የሚወደው አንድ ታሪክ አለ። የዝሆኖች ንጉሥ ጋጄንድራ ውኃ ሊጠጣ ሐይቅ ገባና አዞ እግሩን ያዘው። አንድ ሺህ ዓመት ታገለ ይላል ታሪኩ። መንጋው ትቶት ሄደ። አቅሙ ሲያልቅ በኩምቢው አንዲት የሎተስ አበባ ወደ ላይ አንሥቶ ቪሽኑን ጠራ። ቪሽኑ እየበረረ መጥቶ አዞውን ገደለለት። ሰሜኖቹ «አየህ፣ ጠርቷል፤ አበባም አንሥቷል» ይሉሃል። ደቡቦቹ ደግሞ «አየህ፣ የዳነው ትግሉን ሲተው ነው» ይሉሃል። ለእኔ የዴሲካ ጥያቄ እስካሁን በቂ መልስ ያገኘ አይመስለኝም። ሎካቻርያ ግን ሰውን በደንብ ያውቀዋል። ትሕትናውን እንኳ ቆጥሮ የሚኩራራ ፍጡር መሆናችንን አይቷል።

ሁሉም ሂንዱ በዚህ መንገድ ያስባል ማለት ግን አይደለም። ኡዱፒ ላይ ያስተማረው የ13ኛው ክፍለ ዘመን መምህር ማድቫ ከዙሩ መቼም የማይወጡ ነፍሳት አሉ እስከ ማለት ደርሷል፤ በሂንዱ ሊቃውንት ዘንድ ያልተለመደ አባባል ነው። ይህን ሁሉ የሚዳኝ አንድ ጉባኤ ወይም አንድ ፓትርያርክም የለም።

በሐሳብ የተከፈተው በር በድንጋይ እስኪከፈት ደግሞ ብዙ ዘመን ወስዷል። የቲሩፓን መዝሙር በየቤተ መቅደሱ ሲዘመር፣ የእሱ ዓይነት ሰዎች ደጅ ቆመው ነበር የሚሰሙት። በደቡብ ሕንድ የነበረችው የትራቫንኮር ንጉሥ በመንግሥታቸው ያሉ ቤተ መቅደሶች ለሁሉም ሂንዱ ክፍት ይሁኑ ብለው ያወጁት እ.ኤ.አ. ኅዳር 12 ቀን 1936 ነው። የማዱራይ ታላቅ ቤተ መቅደስ በሩን የከፈተው ደግሞ በ1939 ነው። ጸጋ ለሁሉም ነው ማለትና ሁሉንም ማስገባት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

አንድ የሚቀር ጥያቄ አለ። አንድ ሰው በመምህሩ ፊት ራሱን ለአምላክ ካስረከበ፣ ነገሩ አልቋል። ይህ የመጨረሻ ሥጋው ነው፤ ከዚህ በኋላ አይወለድም። ታዲያ ማግስቱን ጠዋት ተነሥቶ ለምን ይጸልያል? ለምን ይጾማል? ሁለቱም ወገን የሚሰጡት መልስ አንድ ነው። ለማግኘት ብሎ አይደለም፤ ማገልገል ደስ ስለሚለው ነው። ነፃ የወጣች ነፍስ ለዘላለም የምታደርገውን እዚሁ ይጀምረዋል።

በፈረንጆቹ ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ማርጋዢ የሚባለው የታሚል ወር ይገባል። ሰሜኑም ደቡቡም ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ የአንዳልን 30 ስንኞች ይዘምራል፤ በየቀኑ አንድ ስንኝ ይታሰባል። አንዳል ከ12ቱ አልቫሮች ብቸኛዋ ሴት ናት። ዝማሬው ውስጥ ያሉት እረኛ ልጃገረዶች ክሪሽናን ሊቀሰቅሱ ሄደዋል። 28ኛው ላይ እኛ ከከብት ጀርባ የምንሄድ ዕውቀት የሌለን ሰዎች ነን ይሉታል። 29ኛው ላይ የመጡበትን ይናገራሉ። የመጣነው ለስጦታ አይደለም፤ በሚመጣው ልደታችን ሁሉ የአንተ ሆነን አንተን ብቻ እንድናገለግል ነው ይሉታል። ከመወለድ ዙር አውጣን አላሉም።